የታችኛው ሰፈር ዓምድ

ሰኞ

ዝናቡ እንዲህ መውረድ ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። የቢሮው ኮሪደር የረጠበ ጃንጥላ ብቻ ሆኗል፤ ዛሬ በአንዱ ተደናቅፌ ሻዬን ጸሐፊዋ ላይ ልደፋው ነበር። ተቅማጥና ትውከቱም ከዝናቡ ጋር አብሮ መጥቷል። ስሙን በግልጽ የሚጠራው ሰው የለም። አለቃችን "አጣዳፊው" ይለዋል፣ ሾፌሩ "ያ ነገር" ይለዋል፣ እኔ ደግሞ ኮዴ ውስጥ "ጉዳይ" ብዬ ጽፌዋለሁ።

ጠዋት ስብሰባ ነበር። አለቃችንን በሌለበት ጋሽ ረጋ ነው የምንለው፤ ጣሪያው ቢወድቅ እንኳ "ረጋ በሉ" ሳይል ከክፍሉ አይወጣም። ከዛሬ ጀምሮ ጤና ኬላዎቹ የበሽተኛ ስም ዝርዝር መላካቸው ቀርቷል። "ማን ነው በዚህ ወከባ ይህን ሁሉ ስም የሚጽፈው? እዚያው ቆጥረው ድምሩን ይላኩ። በቀን አንድ መስመር ይበቃል፤ ሰፈር፣ ቀን፣ የሰው ብዛት፣ አለቀ" አለ። እውነቱን ነው። መልእክቱ በስልክ ለጸሐፊዋ ይደርሳል፣ እሷ ሠንጠረዡ ላይ ትሞላዋለች፣ እኔ ሰኞ ሰኞ የየሰፈሩን ብዛት በዓምድ የሚያሳይ ባር ቻርት አወጣለሁ።

"ኮዱን እንደገና መጻፍ አያስፈልግሽም?" አለኝ።

"ኮዱ ያው ነው። ፋይሉን ብቻ ነው የምቀይርለት" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። በዚህ ቢሮ ውስጥ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለም። ትንሽ ብኩራራ ማን ይፈርድብኛል?

ሐሙስ

ታናሽ እህቴ ደወለች። የምትኖረው ታችኛው ሰፈር ነው፣ ከቦኖው አጠገብ። ባሏ ርቆ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ እሷ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

"እታለም፣ እስክወልድ አንቺ ጋ ብመጣስ? ቦኖው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ደፍርሷል። ሽታም አለው።"

ምን ልበላት? ክፍሌ አንዲት ናት። አልጋዬም አንድ። እሷ ደግሞ ሬዲዮ ካልተከፈተላት እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ላይ ባሏ ተከትሏት መጥቶ እግሩን ዘርግቶ ላለመቀመጡ ምን ዋስትና አለኝ? ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ሰውየውን ዓይኑን ማየት አልፈልግም፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

"እስከ ሰኞ ታገሺ" አልኳት። "ቻርቱ ሲወጣ የትኛው ሰፈር እንደባሰበት አይቼ እነግርሻለሁ። በጭፍን መሯሯጥ ምን ይሠራል?"

"እሺ" አለች። ድሮም እሺ ባይ ናት። የቤቱ ነገረኛ እኔ ነኝ።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋም ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ልትሄድ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው አለችኝ። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው፣ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይከተላል።

ሰኞ

ቻርቱ ወጣ። ማማሩ! አራት ሰፈር፣ አራት ዓምድ። ላይኛው ሰፈር፣ ገበያ ሰፈር፣ ጣቢያ ሰፈር፤ ሦስቱ እኩል ናቸው፣ አናታቸው በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ታችኛው ሰፈር ከሁሉም አጠር ብሏል። የግሉኮሱ መኪና ሾፌር በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ አየና "እነዚህ ሰዎች ሰልፍ ይዘው ነው እንዴ የሚታመሙት?" አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ጋሽ ረጋን ግን አንድ ነገር አልተመቸውም። "በጎን በኩል ያለውን ቁጥር አንሺው። ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል። ረዘመ፣ አጠረ፤ እሱ ይበቃል" አለኝ። በአንዲት መስመር አጠፋሁትና አትሜ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

የውሃ ቦቴው አንድ ነው፣ የግሉኮሱ መኪናም አንድ። በዚህ ሳምንት የት የት እንደሚሄዱ ጋሽ ረጋ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ዓምዶቹን በጣቱ እየለካ ወሰነ። ለታችኛው ሰፈር የመጨረሻው ተራ ደረሰው።

ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ። "ሰፈራችሁ ከሁሉም ዝቅተኛው ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ" አልኳት። እፎይ ስትል በስልኩ ሰማሁ። እኔም እፎይ አልኩ።

ረቡዕ

የታችኛው ሰፈር ነርስ ሁለት ቀን ሙሉ ሪፖርት አልላከችም። ደወልኩላት። ከጀርባዋ ጫጫታ ነው፤ ሰው ያቃስታል፣ ባልዲ ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል።

"እህቴ፣ ቁጥሩን ላኪ እንጂ! ሥራ እያበላሸሽብኝ እኮ ነው።"

"ልቁጠር ወይስ ላክም?" አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ጉድ እኮ ነው! ለአንድ መስመር መልእክት ይሄ ሁሉ ቁጣ? የሌሎቹ ሰፈሮች ነርሶች በየቀኑ ከምሳ በፊት ይልካሉ፣ አንድ ቀን አጉድለው አያውቁም። ይቺ ሴት ሲፈጥራትም ማጋነን ትወዳለች። ድሮ የስም ዝርዝር በምትልክበት ጊዜም ከዳር እስከ ዳር ማስታወሻ ትጽፍበት ነበር።

ቅዳሜ

ዛሬም ዝናብ። ልብስ አጥቤ የማሰጣበት አጣሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ከወንበር ወንበር ገመድ ዘርግቼ ሸሚዝ በሸሚዝ ሆኛለሁ። በዚህ ላይ ሰው ቢጨመር የት ይቀመጥ ነበር? ደግ አደረግኩ።

ሰኞ

ታችኛው ሰፈር ወርዷል! ባለፈው ሳምንት ከነበረበት ግማሽ ቢሆን ነው። ሌሎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የጋሽ ረጋ ፊት በራ። "አየሽ? ረጋ ማለት ይህ ነው" አለና ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከው። ለታችኛው ሰፈር ከተመደበው ግሉኮስ ግማሹን ወደ ገበያ ሰፈር አዛወረ። ጸሐፊዋ አጨበጨበችልኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ እንጃ፣ በሽታውን የቀነስኩት እኔ ይመስል። ግን አልጠላሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሦስቱ ዓምዶች ዛሬም እኩል ናቸው። በሽታ ሰፈር ለሰፈር ተነጋግሮ ይመጣል እንዴ? ጸሐፊዋ የሞላችውን ፋይል ከፍቼ ቁጥሩን አንድ በአንድ ልይ ብዬ ገና ስቀመጥ ጋሽ ረጋ ለስብሰባ ጠራኝ። ነገ አየዋለሁ።

ለእህቴ ደውዬ "ጭራሽ ወርዷል" አልኳት። "ለልብስ ሰፊዋ አሁኑኑ እነግራታለሁ" አለችኝ፣ እየተጣደፈች።

ማክሰኞ

አላየሁትም። ፕሪንተሩ ቀለም ጨረሰ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ። ጫማዬ ውሃ ያስገባል። ራሴን ያመኛል።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ሾፌሩ ከጥበቃው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። እነሱ ከመኪናው ወዲያ ናቸው፣ እኔ ከወዲህ ጃንጥላዬን እየዘጋሁ ነው። "ላይኛው ሰፈር ግሉኮሱን ማስቀመጫ አጥተው ኮሪደር ላይ ደርድረውታል" ይላል። "ነርሷ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ታች ስወርድ ግን ገና ከበር ሰው ነው የሚቀበለኝ። አንድ ካርቶን ተሸክሜ መውረድ አሳፈረኝ፣ በእናቴ።"

"ታዲያ ቻርቱ ዝቅ ብሏል አይሉም እንዴ?" አለ ጥበቃው።

"ቻርቱ መኪና አይነዳም" አለ።

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ልናገረው አሰብኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ከሾፌር ጋር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ምን ያጨቃጭቀኛል? ግን ቤት ከገባሁ ጀምሮ በሆዴ ስከራከረው አመሸሁ። ሰው ዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። አንድ ቀን አንድ በር ላይ ግርግር ካየ ሰፈሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ለዚህ አይደል እንዴ ቁጥር የሚያስፈልገው? ለዚህ አይደል እኔ የተቀጠርኩት?

ቻርቱን የምታወጣልኝ የአር ትዕዛዝ አንዲት ቃል ናት። ሠንጠረዡን እሰጣታለሁ፣ "በሰፈር" እላታለሁ፣ ረድፎቹን አንድ ሁለት ብላ ቆጥራ ዓምዱን ታቆመዋለች። አትደክምም። አታዳላም። ዘመድ የላትም። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ስሠራባት አንድም ቀን አሳስታኝ አታውቅም። የስም ዝርዝር ሲመጣ አንድ ሰው አንድ ረድፍ ነበር፣ ረድፉን ቆጠረች ማለት ሰውን ቆጠረች ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቀላል ነገር ከየት ይመጣል? ሾፌሩ ቢጠይቀኝ እንዲህ ብዬ አስረዳው ነበር። አልጠየቀኝም።

እህቴን ልጥራት እንዴ? ብዬም አሰብኩ። ስልኩን አነሳሁ። አልጋዬን አየሁት። ሰዓቱ መሽቷል፣ እርጉዝ ሰው ከእንቅልፍ አይቀሰቀስም። ለማንኛውም እስከ ሰኞ ልጠብቅ።

እሁድ

ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

"ምነው፣ ምን ሆነሻል?"

"ትንሽ ደክሞኝ ነው።"

"ሆድሽን?"

"አይ… ትንሽ ብቻ። ልጁ ነው መሰለኝ፣ ሲገላበጥ አድሮ ነው።" ከዚያ ወሬውን ቀየረችው። "ልብስ ሰፊዋ ቀረች እኮ! ሻንጣዋን መልሳ ፈታችው። 'እህቴ ናት ሥዕሉን የምትሠራው፣ የእኛ ሰፈር ከሁሉም ዝቅተኛው ነው ብላለች' አልኳት። ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። የልብስ ሰፊዋ ባል፣ አናጢው፣ 'እህትሽን አመስግኚልን' ብሏል። አንዳንዱማ ውሃ ማፍላቱንም ትቷል። ምን ያድርግ፣ እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ አይነድም።"

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ቤተሰቡ ሁሉ "ኮምፒውተር ላይ ተጎልታ ትውላለች" ነው የሚለኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ገብቶት ለሰው የነገረልኝ ሰው ይኸው ዛሬ ተገኘ።

"አንቺ ግን ውሃውን አፍዪ" አልኳት።

"እሺ" አለች። የዛሬው እሺዋ ደስ አላለኝም።

ሰኞ

ታችኛው ሰፈር ከመሬት ብዙም አልተነሳም። ሌሎቹ ያው እኩል ናቸው። ረቡዕ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሐኪም ትመጣለች፤ መሻሻሉን በዓይኗ ልታይ። ጋሽ ረጋ ግድግዳውን አስጠርጓል።

የነርሷ ስልክ ዝግ ነው። እህቴም ስልክ አላነሳችም። ባትሪ ይሆናል፣ እዚያ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል።

ማክሰኞ

አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። አላነሳችም።

ወደዚያ ልውረድ ብል ጋሽ ረጋ "እንግዳዋ ከሄደች በኋላ" አለ። መሻሻል ያለበት ሰፈር ነው እኮ። ምን ትሆናለች?

ረቡዕ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሐኪሟ መጣች። አጭር ሴትዮ ናት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ለመቀመጥም አልፈለገች። ሰሌዳው ፊት ቆመችና "ቁጥሩ የታለ?" አለች።

"ሕዝቡን እንዳያስደነግጥ ብለን ነው" አለ ጋሽ ረጋ።

"ቁጥር የሌለው ዓምድ የግድግዳ ጌጥ ነው። አምጡልኝ።"

ጋሽ ረጋ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ቁጥሩን ያጠፋሁባትን መስመር ሰረዝኳት። እንደገና አዘዝኩ። ቻርቱ ከነቁጥሩ መጣ።

ሰባት። ሰባት። ሰባት። ሁለት።

"ሰባት ምን?" አለች ሐኪሟ። "ሰባት መቶ ነው? ሰባት ሰው ከሆነማ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?"

ጋሽ ረጋ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን ቁጥሮቹን ደግሜ አየሁ። ሰባት ሰው አይደለም። ሰባት ቀን ነው። በሳምንት ውስጥ ያለው ቀን። "አንድ አፍታ" ብዬ ላፕቶፑን ታቅፌ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ጃንጥላዎቹ መካከል ቁጭ አልኩ።

ትዕዛዟ እንደ ወትሮዋ ረድፍ ነው የቆጠረችው። ግን አሁን አንድ ረድፍ አንድ ሰው አይደለም፣ አንድ ቀን የመጣ ሪፖርት ነው። ሰዉ ተቆጥሮ ነው የመጣው፣ ብዛቱ እዚያው ረድፉ ጎን ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኔ ያንን ተመልከቺ አላልኳትም። ሦስቱ ሰፈሮች እኩል የሆኑት ነርሶቻቸው በየቀኑ ስለላኩ ነው። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ሰው ሲበዛ ነርሷ አልላከችም፣ ስላልላከች ዓምዷ አጠረ፣ ስላጠረ ግሉኮሱን ነሳናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ! በየሰኞው! እኔ እየለጠፍኩ ጸሐፊዋ እያጨበጨበች!

ፋይሉን እዚያው መሬት ላይ ከፈትኩት። ላይኛው ሰፈር፤ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። የታችኛው ሰፈር ነርስ የላከችው የሁለት ቀን ብቻ ነው። ስልሳ አራት። ሰባ ዘጠኝ። ጸሐፊዋ አስተካክላ ሞልታዋለች። ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር።

የተቆጠረውን እንዳለ የምትስል ሌላ ትዕዛዝ አለች። ልዩነታቸው አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ቀየርኩና አዘዝኩ። ሦስቱ ሰፈሮች መሬት ላይ ተለጠፉ። ታችኛው ሰፈር ስክሪኑን ሞላው።

ቀና ስል ጋሽ ረጋ ከላዬ ቆሟል። አየው። ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም፣ ሞኝ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ረጋ በይ" አለኝ። "የሦስት ሳምንቱን ለበላይ ልከነዋል። አሁን ይሄን ብናወጣ አንቺም እኔም የምንገባበት የለም። ሐኪሟ ነገ ከሰዓት ትሄዳለች። ዓርብ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።"

እሺ አልኩት።

ይኸው ጻፍኩት። እሺ አልኩት። ማምሻውን ቦቴው ወደ ላይኛው ሰፈር ሲወጣ በመስኮት ቆሜ አየሁት፤ ሞልቶ ስለነበር ዳገቱ ላይ ያቃስት ነበር። ለእህቴ ደወልኩ። ደወልኩ። ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል ትላለች ሴትዮዋ፣ እባክዎ ቆይተው ይደውሉ ትላለች።

አንቺ አውሬ፣ ለእህትሽ አልጋ ነበር የሰሰትሽው?

ሐሙስ

ገና ሳይነጋጋ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። ሾፌሩ መስታወት ይወለውላል።

"ወደ ታች ነው የምንሄደው። ያለውን ሁሉ ጫን።"

"የአለቃ ፊርማስ?"

አዲሱን ቻርት ዘረጋሁለት። ከነቁጥሩ። ዝናቡ ወረቀቱ ላይ እየወረደ ቆሞ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ። "ግቢ" አለኝ ብቻ። እየነዳ ለቦቴው ሾፌር ደወለ፤ "የትም ሁን፣ አዙርና ወደ ታችኛው ሰፈር ና። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ። ማንም ቢጠይቅህ እኔ ነኝ በል።"

ቦኖው ጋ ስንደርስ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ከቦኖው በላይ ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈሳል፤ ውሃው የቦኖውን እግር ዞሮ ያልፋል። ይህን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም ነበር። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ "አትቅዱ!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ማን እንደሆንኩ ምን ያውቃሉ?

ጤና ኬላው አንድ ክፍል ነው፣ ሰዉ ግን በረንዳውን አልፎ ግቢው ውስጥ ሸራ ሥር ተኝቷል። ነርሷን በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃትም ነበር። ወጣት ናት። ዓይኗ ደም ለብሷል። ቢሮዬን ስነግራት እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "ሪፖርቱን ልትወስጂ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ለማሾፍ አልነበረም። የምር ነው የጠየቀችኝ።

"እህቴ…" አልኩ፣ ሸራው ሥር የተኙትን እያየሁ።

"የትኛዋ ናት?"

"እርጉዟ።"

በአገጯ ወደ ጥግ ጠቆመችኝ። እህቴ ካርቶን ተነጥፎላት ወለሉ ላይ ተኝታለች። ፊቷ ገብቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። "መጣሽ እታለም?" አለች። "ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ እኮ።" ይቅርታ የምትጠይቀኝ እሷ!

ነርሷ ሆዷ ላይ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። "የልጁ ልብ ይመታል" አለች። "እስካሁን ይመታል። ግሉኮስ አመጣችሁ አይደል?"

"መኪና ሙሉ" አልኳት። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ካርቶኑን መቀደድ ጀመረች።

ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ሌሊት ሞታለች።

ቅዳሜ

ቦኖው ተዘጋ። ቦቴው ታች ቆሟል። ሐኪሟ አልሄደችም። አዲሱን ቻርት ሐሙስ ልትነሳ ስትል ደርሼ ራሴ ሰጥቻታለሁ፣ የተሳሳተውንም ጨምሬ። ጋሽ ረጋ አያናግረኝም። ሰኞ እኔም እሱም ዋናው መሥሪያ ቤት እንቀርባለን። ይሁን።

እህቴ ትውከቷ ቆሞ ውሃ ያዘላት። እዚያው ካርቶኗ አጠገብ ነው ያደርኩት።

እሁድ

ስለተሻላት ዛሬ ወደ ክፍሌ አመጣኋት። አልጋው ላይ ናት፣ እኔ ወለሉ ላይ አንጥፌያለሁ። ሬዲዮ ልክፈትልሽ ብላት አልፈለገችም። ከሰዓት በኋላ ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች።

"እታለም፣ ያንን ሥዕል አሳዪኝ።"

"ምን ያደርግልሻል? ተኚ።"

"አሳዪኝ አልኩሽ።" በዚህ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም።

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። መጀመሪያ ትክክለኛውን ከፈትኩ። የትኛው የእኛ ነው አላለችኝም፣ አያስፈልግም ነበር። "አሁን ደግሞ ያኔ ለእኔ የነገርሽኝን" አለች። ከፈትኩላት። ሦስት ረጅም፣ አንድ አጭር። ጣቷን አጭሩ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ምንድነው የሚቆጥረው?"

"የደረሰንን ሪፖርት። ነርሷ ሰው ሲበዛባት አትልክም ነበር።"

"ስለዚህ እኛ በታመምን ቁጥር ያጥራል ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ስንሞትም።"

"አዎ" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ግን ለማልቀስ አፈርኩ።

ስልኬን ጠየቀችኝ። ቁጥር በቃሏ ደወለችና፣ ሲጠራ፣ መልሳ ለእኔ ዘረጋችው። "ለእሱ ንገሪው። እኔ በአንቺ አፍ ነው የነገርኳቸው፣ አሁን በራስሽ አፍ ንገሪው።"

አናጢው ነው ያነሳው፣ የልብስ ሰፊዋ ባል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሥዕሉ ስህተት እንደነበረ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰፈራችሁ ዝቅተኛ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከሁሉም የባሰበት እንደነበረ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ካቆምኩ ልቀጥል እንደማልችል አውቄዋለሁ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልጆች ከኋላው ይሰማሉ፣ ትንሿ የሆነ ነገር ትለምነዋለች።

"ሲያማት" አለ በመጨረሻ፣ "ወደ ጤና ኬላ እንሂድ ስላት፣ 'ሰፈራችን ነፃ ነው ተብሏል፣ የበላሁት ነገር ነው' ትለኝ ነበር።"

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"እኛ እንግዲህ ምን እናውቃለን" አለ። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ ደክሞታል። "እናንተ ናችሁ የምታውቁት። እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸዋል። ሥዕሉ አሁን ምን ይላል? ላጠጣቸው?"

"ከቦኖው በፍጹም" አልኩት። "ከቦቴው ከሆነ አጠጣቸው።"

"እሺ" አለኝ። "አንቺ ካልሽ።"